የዕውቀት መጻሕፍት ቃል በእንሰት አገር፤ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ

ስለ ሳይንስ፣ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ታሪክና ስለ ቴክኖሎጂ በአማርኛ የሚጻፉ መጻሕፍት ከዘመን ወደ ዘመን እየተበራከቱ መምጣታቸው የሚያስደስት ነገር ነው። ይሁን እንጂ የመጽሐፍ መብዛት ብቻውን ለዕውቀት መስፋፋት ምስክር ሊሆን አይችልም። መጽሐፉ የሚናገርበት ቃል ከአንባቢው ኑሮ ጋር ካልተገናኘ፣ የታተመው ወረቀት መደርደሪያ ያሞቃል እንጂ አእምሮ አያበራም። ስለዚህም የዕውቀት መጻሕፍት ሒስ የይዘትን ትክክለኛነት በመመርመር ብቻ ሳይወሰን፣ የስያሜንና የቃል አመራረጥን ጉዳይ ጭምር መያዝ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው። ለምርመራችን የመረጥነው ስፍራ ሆሳዕናና በዙሪያዋ ያሉት የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ናቸው፤ ይኸውም ሾኔ፣ ሆመቾ፣ ጊምቢቹ፣ ዱራሜ፣ አንጋጫ፣ ዶዮገናና ሺንሺቾን የመሳሰሉት። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛ፣ በእነዚህ ከተሞች አማርኛ በሰፊው ይነገራል፤ ይነበባልም፤ ነገር ግን ለብዙው አንባቢ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ሁለተኛ፣ አገሩ ሳይንስም ታሪክም ቴክኖሎጂም በአንድ ተክል ዙሪያ የተሰበሰቡበት የእንሰት አገር ነው። ሦስተኛ፣ የአካባቢው ቋንቋዎች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፈዋል። እነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲታዩ፣ የአማርኛ ዕውቀት ነክ መጻሕፍት ጥንካሬም ድካምም እንደዚህ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ጥቂት ነው።

፩. አንባቢው ማን ነው?

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ ሲሰየም፣ ከስሙ ለውጥ ጋር የሥራው ድርሻም ሰፍቷል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የኋላ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ሀዲይሳና ከምባትሳ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። የማስተማሪያ መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ሁለቱም ቋንቋዎች የትምህርት ቋንቋ ሲሆኑ የላቲን ፊደልን መርጠዋል። ለምርጫው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ቋንቋዊ ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች የአናባቢ መርዘምና የተነባቢ መጥበቅ የቃልን ትርጉም ይለያል፤ ፊደላችን ግን በተለመደው አጻጻፉ ይህን ልዩነት አያሳይም።

ከዚህ የተነሣ በአንድ ቤት ውስጥ አባት በግዕዝ ፊደል፣ ልጅ ደግሞ በላቲን ፊደል አፍ በፈታበት ቋንቋ ማንበብን ሊማር ችሏል። አማርኛ ለልጁ እንደ ሌላ ትምህርት የሚጠና ቋንቋ ነው። በላይኛዎቹ ክፍሎች ሳይንስን የሚያስተምረው እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ አንድ የአማርኛ የሳይንስ መጽሐፍ ሆሳዕና ሲደርስ የሚጠብቀው አንባቢ በሦስት ቋንቋዎች መካከል የቆመ ሰው ነው። ለዚህ ሰው የሚጻፍ መጽሐፍ ይህን ሁኔታ ከግምት ካላስገባ ከወዲሁ ግማሹን አንባቢ አጥቷል።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1989 ዓ.ም. ያወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በዚህ ረገድ ትልቅ ውለታ ያለው ሥራ ነው። ብዙ ስያሜዎችን ከተበታተኑበት ሰብስቦ ለመምህርና ለደራሲ አቅርቧል። በዚያ ዘመን ሲሠራበት የነበረው መንገድ በአመዛኙ ወደ ግዕዝ የሚያዘነብል ነበር። መንገዱም የራሱ ጥቅም አለው። «ሥነ» የሚለው ቃል ብቻ ሥነ ሕይወትን፣ ሥነ ምድርን፣ ሥነ ልቦናን፣ ሥነ ምሕዳርን ወልዶልናል፤ አጭር ነው፣ ይረባል፣ አንዱን የተረዳ ሌላውን ይገምታል። «ሥርዓተ ልመት» የሚለውም እንዲሁ ላመ ከሚለው የታወቀ ግስ ጋር ስለሚያያዝ፣ ምግብ በሆድ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይነግረዋል።

በአንጻሩ «ብርሃን አስተፃምሮ» የሚለውን እንመልከት። የፊተኛው ቃል ብሩህ ነው፤ የኋለኛው ግን ግዕዝ ላልተማረ ሰው ተዘግቷል። አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነው ተማሪ ቢያንስ የቃሉ ቅርፅ አይከብደውም። ዱራሜ ላይ ከምባትሳ አፉን የፈታው ተማሪ ግን ከአማርኛ ጀርባ ሌላ ቋንቋ ማለፍ አለበት። ለእርሱ አስተፃምሮ ከእንግሊዝኛው ቃል ይልቅ የሚቀርብበት ምክንያት የለም። በበኩላችን የግዕዝን ምንጭነት አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ምንጩ አንድ ብቻ ነው የሚለውን ልማድ ነው።

፪. ስሙን ለዓለም ያዋሰው ተክል

የእንሰት ነገር ለስያሜ ጥናት ልዩ ምሳሌ ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቆይቶ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ውስጥ ይህን ተክል በአገሩ ስም ጠርቶ ከነሥዕሉ አቀረበው። በዓመቱ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ከሙዝ ወገን ቈጥሮ ስሙን «ሙሳ ኤንሴቴ» አለው። በ1862 እ.ኤ.አ. ሆራኒኖቭ «ኤንሴቴ»ን ራሱን የቻለ ወገን አደረገው፤ በ1947 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቺዝማን ይህን ወገን እንደገና አጽንቶ ተክሉ ዛሬ የሚጠራበትን «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» የሚለውን ስም ሰጠው። የኋለኛው ቃል በላቲን ሆደ ሰፊ ማለት ነው፤ የግንዱን ግርጌ ውፍረት ላየ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ቃል የዓለም ሳይንስ ቃል ሆኗል ማለት ነው። የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። እንግሊዝኛ ተክሉን በመንገደኛ ዓይን አይቶ የሙዝ ሐሰተኛ ብሎ ጠራው፤ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ጸሓፊዎች ደግሞ ይህን ቅጽል ወደ አማርኛ መልሰው «ሐሰተኛ ሙዝ» ሲሉ ይታያሉ። እንሰትና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ሐሰተኛ አይደለም። በሆሳዕና ዙሪያ ያለ ገበሬ፣ አባቱና አያቱ የኖሩበትን ተክል ፍሬው የሚበላለት የሌላ ተክል አስመሳይ ነው ብሎ የሚነግረውን መጽሐፍ ምን ብሎ ይመነው? ስሕተቱ የትርጉም ስሕተት ብቻ አይደለም፤ በራስ ቤት ላይ በሰው ዓይን መፍረድ ነው።

ተመሳሳይ ችግር በተክሉ ክፍሎች ስም ላይ አለ። የእንሰት ግንድ መሳዩ ክፍል እንጨት ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ የተጠቀለሉ የቅጠል እግሮች ድርብርብ ነው። የሥነ ዕፅዋት ባለሙያዎች በግሪክኛ ሐሰት የሚል ቅጥያ ያለበት ስም ሰጥተውታል፤ እኛም «ሐሰተኛ ግንድ» ብለን እንተረጉማለን። ቃሉ ምን እንዳልሆነ ይናገራል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። «የቅጠል ግንድ» ብንለው ግን ነገሩን ራሱን ገለጽን። ከመሬት በታች ላለው ወፍራም ክፍልም የውጭ ስም መዋስ አያስፈልገንም፤ አሚቾ የሚለው ቃል የአካባቢው ቋንቋዎች ሀሚቾ ከሚሉት ጋር አንድ ነው፤ በአማርኛም ከታወቀ ቆይቷል። ቆጮ፣ ቡላ፣ ቃጫ የሚሉትም እንደዚሁ ተዘጋጅተው የሚጠብቁ የሙያ ቃላት ናቸው።

ከዚህ ላይ መዝገበ ቃላት አዘጋጂዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የዚህ ተክል ቅጠል ኮባ ይባላል፤ ዳቦ ይጋገርበታል። በደቡቡ ደግሞ ተክሉ ራሱ የቤት መሠረት ነው፤ በሀዲያና በከምባታ ተክሉ ዌሳ፣ ከእርሱ የሚሠራው ምግብ ዋሳ ይባላል፤ በወላይታ ኡታ፣ በኦሮሞ ወርቄ፣ በጉራጌ አሰት ነው። አንድ መዝገበ ቃላት እንሰትን «ሙዝ የሚመስል ተክል» ብሎ ቢያልፍ፣ ኮባንም በሌላ ገጽ የዳቦ ቅጠል ብሎ ቢፈታ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ ካላሳየ አንባቢውን አላገለገለም። የአዘኔ በቀለ ተሰማ የጠቃሚ ዛፎችና ቍጥቋጦዎች መጽሐፍ፣ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም፣ ዕፅዋቱን በተለያዩ የአገራችን ቋንቋዎች ስሞች ዘርዝሮ በማቅረቡ ለዚህ ዓይነት ሥራ ጥሩ አርአያ ነው። ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ታትሞ የተፈጸመው ባለ ስምንት ቅጽ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍም ለማንኛውም የአማርኛ ደራሲ የማይታለፍ መሠረት ነው። ከእነዚህ የተቀዳ፣ ለሕዝብ አንባቢ የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ግን የአካባቢ ስሞቹ እንደ ጌጥ በኅዳግ ሳይሆን በዋናው ጽሑፍ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው።

፫. የበሽታው ስምና የቢላዋው ነገር

የቃል ምርጫ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ስለ እንሰት በሽታ የሚጻፉትን የግብርና መጻሕፍት ይመልከት። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንሰትን የሚያጠፋው በሽታ በባክቴሪያ እንደሚመጣ ገልጸው፣ ባክቴሪያውንም ሰይመውታል። በሽታው በ2001 እ.ኤ.አ. በዩጋንዳ የሙዝ ማሳዎች ላይ መታየቱ ሲታወቅ የብዙ አገሮች ሥጋት ሆኗል። በአማርኛ «የእንሰት አጠውልግ» ተብሎ ይጠራል።

ይህ ስያሜ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ጠወለገ የሚለውን ግስ የማያውቅ የአማርኛ ሰሚ የለም፤ አጠውልግ ሲባል የሚያጠወልግ ነገር መሆኑ ወዲያው ይገባል። ገበሬው ዋግ፣ አረማሞ እያለ የእህሉን በሽታዎች ሲጠራ እንደኖረው ሁሉ፣ ይህም አጭርና ለአፍ የሚመች ነው። ከባድ የግዕዝ ስም ወይም የላቲን ስም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ቢሰጠው ኖሮ ከባለሙያው አንደበት አልፎ ማሳ ባልደረሰ ነበር።

ስሙ እንዲህ ሲሳካ የመከላከያው ቃል ግን ወድቋል። በሽታው ከሚዛመትባቸው መንገዶች ዋነኛው የታመመ እንሰት የተቈረጠበትን ቢላዋ ሳያጸዱ ጤነኛውን መቍረጥ ነው። የእርሻ ጽሑፎች ለዚህ የሚሰጡት ምክር በአመዛኙ «መሣሪያውን ማምከን» የሚል ነው። ማምከን በሕክምና ቤት ቋንቋ ሥራውን ይዟል፤ በገበሬው አማርኛ ግን መከነ ማለት መውለድ የተሳነው፣ ፍሬ ያጣ ማለት ነው። አማርኛን በገበያና በትምህርት ቤት ለተማረ የሀዲያ ገበሬ ቢላዋ እንዴት እንደሚመክን ሊገባው አይችልም። «ቢላዋውን በእሳት ለብልብ» ቢባል ግን ሦስቱም ቃላት ከእርሱ ዘንድ ናቸው፤ ሥራውም በቃሉ ውስጥ አለ። ለባለሙያ በሚጻፍ መጽሐፍ ማምከን ይቀመጥ፤ ለማሳ በሚጻፈው መለብለብ ይግባ። አንድ ያልተስማማ ቃል ለዓመታት የተለፋበትን የእንሰት ጓሮ ሊያስጠፋ ይችላልና፣ እንዲህ ያለውን ስሕተት ሒስ በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። እንሰት ከ4 እስከ 7 ዓመት ተጠብቆ የሚነሣ ሀብት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

፬. የሴቶች ሙያ፣ የሴቶች ቃል

ስለ ቴክኖሎጂ የሚጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ቴክኖሎጂ የሚሉት ከውጭ የመጣውን መሣሪያ ነው። የእንሰት ዝግጅት ግን ራሱን የቻለ ቴክኖሎጂ መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም። የቅጠል ግንዱ ንጣፎች አንድ በአንድ ይገነጠላሉ፤ በተዘነበለ ሳንቃ ላይ ሆነው በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃሉ፤ ለምግብ የሚሆነው ከቃጫው ይለያል። አሚቾው ይደቅቃል። ሲጨመቅ የወጣው ውሃ ሲጠል ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። ቀሪው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ በደጋው ደግሞ ለወራት ይቈያል፤ በዚያም ደቂቅ ዘአካላት ሥራቸውን ይሠራሉ።

ይህ የኋለኛው ሂደት በሳይንስ መጻሕፍት ምን ይባል? አማርኛ ሊጥ ሲሆን ቦካ፣ ጠላ ሲሆን ፈላ፣ ወተት ሲሆን ረጋ ይላል። ይህ ሁሉ ሀብት ነው፤ ለሳይንስ ግን ሁሉንም የሚያቅፍ አንድ ቃል ያስፈልገዋል። «ማብላላት» ለዚህ ይመቻል ብለን እናስባለን። ቃሉ ለቆጮም ለጠላ ጥንስስም የሚሠራ ስለሆነ፣ መምህሩ ከወጥ ቤት ተነሥቶ ወደ ቤተ ሙከራ ለመድረስ ድልድይ ይሆነዋል። ቅርንጫፎቹ፣ ማለት መቡካትና መፍላት፣ በሥሩ እንደ ዝርያ ይቀመጣሉ።

ሥራው የሴቶች ሥራ እንደ መሆኑ ቃላቱም በሴቶች አፍ የሚኖሩ ናቸው። ከዚህ ላይ የከምባታን አንድ ልማድ ማንሣት ተገቢ ነው። በዚያ አገር ያገባች ሴት የአማትዋንና የአማችዋን፣ የባልዋን አባትና እናት ማለታችን ነው፣ ስም አትጠራም። ከዚያም አልፎ ስማቸው በሚጀምርበት ቀለም የሚጀምር ቃልን ሁሉ ታስወግዳለች፤ በምትኩም ተመሳሳይ ቃል፣ ገላጭ ሐረግ ወይም ለዚሁ የተመደበ ምትክ ቃል ትጠቀማለች። ይህ ሥርዓት ባሊሻ ይባላል። የከምባትሳን ሰዋስው በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ኢቮን ትራይስ ይህን በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት በዝርዝር ገልጻዋለች። ልማዱ በአዲሱ ትውልድ ዘንድ እየቀነሰ ነው።

ይህን ያነሣነው ለአድናቆት አይደለም። ባሊሻ ለቃላት ሠሪ ትምህርት ይሰጣል። እነዚህ ሴቶች ለውኃ፣ ለእሳት፣ ለእንሰት አማራጭ ስም ማግኘት የግድ በሆነባቸው ጊዜ ሩቅ አልሄዱም፤ ነገሩ የሚሠራውን፣ የሚመስለውን፣ የሚገኝበትን ተመልክተው ሰየሙ፤ ስያሜውም በመንደሩ ሁሉ ተደማጭ ሆነ። ያልተደመጠ ምትክ ቃል ሥራውን አይሠራምና። የስያሜ ኮሚቴዎች የሚጠብቁት መስፈርት ከዚህ የተለየ ነውን? አዲስ ቃል የሚመዘነው በሥርወ ቃሉ ጥንታዊነት ሳይሆን፣ ያልሰማው ሰው ሲሰማው በሚያገኘው ብርሃን ነው።

ከዚሁ ጋር፣ የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎች በምርምር ተቋማት መሠራት ከጀመሩ ወዲህ፣ ስለ እነዚህ የሚጻፉ መጽሐፎች የመሣሪያውን ክፍሎች ሲሰይሙ የነባሩን መሣሪያ ስም ወስደው እንዲያሳድጉ እንመክራለን። ሳንቃው ሳንቃ፣ መፋቂያው መፋቂያ ሆኖ ይቀጥል።

፭. የታሪክ መጻሕፍት ግሶች

በታሪክ ረገድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የሀዲያ ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ላጲሶ ጌ. ድሌቦ ናቸው። በ1982 ዓ.ም. «የኢትዮጵያ ረጅም የሕዝብና የመንግሥት ታሪክ»ን፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ «የኢትዮጵያ የገባር ሥርዓትና ጅምር ካፒታሊዝም 1900-1966»ን አሳትመዋል። የሁለተኛው መጽሐፍ ርእስ ብቻውን የስያሜ ትምህርት ነው። በዘመኑ ብዙ ጸሓፊዎች «ፊውዳሊዝም» የሚለውን የአውሮፓ ቃል እንደ ማኅተም በሁሉ ላይ ሲመቱ፣ ላጲሶ ገባር የሚለውን የአገር ቃል ወደ ጽንሰ ሐሳብነት አሳደጉት። «ጅምር» የሚለውም ያልበሰለን፣ ገና የተወጠነን ነገር በአንድ የሸማኔና የገበሬ ቃል ይገልጻል። ካፒታሊዝም ግን እንደ እንግዳ በስሙ ገባ። የአገርና የውጭ ቃል እንዲህ በአግባቡ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደስ ያሰኛል።

በዚሁ ርእስ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። 1900-1966 የሚለው በእኛ አቈጣጠር ነው። የአውሮፓን ዘመን የለመደ አንባቢ በዚያ ቢቈጥረው የአብዮቱን መፈንዳት ከመጽሐፉ ውጭ ያደርገዋል። የታሪክ መጻሕፍት ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. የሚሉትን ምልክቶች ሳይሰለቹ መጻፍ ይገባቸዋል።

ኡልሪክ ብራውኬምፐር የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ የሀዲያን ታሪክ በ1980 እ.ኤ.አ.፣ የከምባታን ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ አሳትመዋል። ሥራዎቹ በአብዛኛው ከአገር ሽማግሌዎች ቃል የተሰበሰቡ ናቸው። የሀዲያው ታሪክ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሆሳዕና አካባቢ አንደበት የተወሰደ ቃል በሁለተኛ የአውሮፓ ቋንቋ ለመታተም 32 ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። የእነዚህ መጻሕፍት ዋነኛ ትምህርት የስምን ወሰን መጠንቀቅ ነው። የመካከለኛው ዘመን ሀዲያ፣ አል ዑመሪ ከሰባቱ የእስላም ግዛቶች አንዱ ያደረገው፣ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕልም ገዥው አማኖ የተጠቀሰበት፣ ከዛሬው ሀዲያ ዞን ጋር በስም እንጂ በወሰን አንድ አይደለም። ይህን የማይለይ መጽሐፍ ካርታውን ከታሪኩ ጋር ያጋጫል።

የማዕረግ ስሞችም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። እቴጌ እሌኒ የሀዲያ ገራድ ልጅ ነበሩ። ገራድን አንዱ ንጉሥ፣ ሌላው ሱልጣን፣ ሦስተኛው ባላባት እያለ ሲተረጕመው የሥልጣኑ ልክ ይጠፋል። የከምባታው ወማም ከዚሁ ዕጣ አላመለጠም። ባላባት የሚለው ቃል ራሱ በሰሜን የርስት ባለቤቱን ጨዋ፣ በደቡብ ደግሞ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በመንግሥትና በሕዝብ መካከል የቆመውን የአገር ሹም ያመለክታል፤ በአንድ ቃል ሁለት ሰዎች ይጠራሉ። ስለዚህ ገራድን ገራድ፣ ወማን ወማ ብሎ መተውና አንድ ጊዜ መፍታት ይሻላል።

ከስሞች ይልቅ የሚከብዱት ግን ግሶች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በደቡብ ስለ ሆነው ነገር የቀደሙ መጻሕፍት «አገር አቀና» ይላሉ፤ የኋለኞቹ «ወረረ» ይላሉ፤ ሌሎች «አዋሐደ» ይላሉ። ማቅናት የተጣመመ ነበር ብሎ ይነሣል፤ መውረር ፍርዱን ከፊት ያስቀድማል፤ ማዋሐድ ጦሩን ይደብቃል። ከሦስቱ አንዱንም መከልከል የመዝገበ ቃላት ሥራ አይደለም። የመዝገበ ቃላት ሥራ ቃሉ በማን አፍ፣ በምን ዘመን፣ ለማን እንደ ተነገረ ማስመዝገብ ነው። የታሪክ ደራሲ ግን የተደረገውን በስሙ መጥራት ይችላል፦ ጦር ዘመተ፣ ተዋጉ፣ ድል ሆኑ፣ ገበሩ፣ መሬት ተለካ። እነዚህ ግሶች ለሁሉም አንባቢ እኩል የሚያገለግሉ ናቸው። እንደዚሁም የሀዲያ ሕዝብ ራሱን የማይጠራበትና የማይቀበለው የቀድሞ ስም በአሮጌ ጽሑፎች ሲገኝ፣ ደራሲው በጥቅስ ውስጥ ብቻ ማቈየት፣ መዝገበ ቃላቱም የነቀፌታ ምልክት ማድረግ ይገባቸዋል።

፮. ስለ አጻጻፍ ጥቂት

የከተማይቱ ስም ሆሳዕና፣ ሆሣዕና፣ ሆሳእና፣ ሆሳና እየተባለ ይጻፋል። ስሙ ከበዓሉ የመጣ እንደ መሆኑ «ሆሳዕና»ን ወይም «ሆሣዕና»ን መርጦ መጽናት ይበጃል፤ የቀድሞ ስሟ ዋቸሞም በዩኒቨርሲቲው ስም ተመልሶ ሕያው ሆኗል። ሀዲያ፣ ሐዲያ፣ ሃዲያ፤ ሀምበርቾ፣ ሀምበሪቾ፣ አምባሪቾ የሚባለውም ችግር ይኸው ነው። ለአንድ መጽሐፍ ጥቂት ጕድለት ይመስላል፤ ለመጠቍምና ለካርታ ግን አንዱን ተራራ ሦስት ያደርገዋል። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. ለተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የመንግሥት ጽሑፍ ስለሚበዛ፣ የስም አጻጻፍን አሁን መወሰን ከኋላ ማረም የቀለለ ነው።

፯. ማጠቃለያና የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ የተመለከትነው ወደ አንድ ሐሳብ ይሰበሰባል። አማርኛ የብዙ ሕዝቦች መገናኛ ነው ከተባለ፣ የዕውቀት ቃሉም ከብዙ ሕዝቦች መቀዳት አለበት። ግዕዝ አንድ ምንጭ ነው፤ የገበሬው አማርኛ ሌላ ምንጭ ነው፤ ሀዲይሳ፣ ከምባትሳና ሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች ደግሞ ሦስተኛው ናቸው። ነገሩ በማን አገር በቀለ፣ በማን እጅ ተሠራ ብሎ መጠየቅና ስሙን ከዚያ መውሰድ የመጀመሪያው ደንብ ይሁን። ለውይይት መነሻ እንዲሆኑ የሚከተሉትን እናቀርባለን።

የቅጠል ግንድ፤ የእንሰትና የሙዝ ዓይነት ዕፅዋት፣ ከተደራረቡ የቅጠል እግሮች የተሠራ ግንድ መሳይ ክፍል። «ሐሰተኛ ግንድ» በሚለው ምትክ።

አሚቾ፤ የእንሰት ከመሬት በታች ያለ ወፍራም የግንድ ክፍል፤ ተቀቅሎ የሚበላ።

ኮባ፤ የእንሰት ቅጠል፣ በተለይ ለዳቦ መጋገሪያ የሚውል፤ «እንሰት» የሚለውን ተመልከት።

ማብላላት፤ በደቂቅ ዘአካላት አማካይነት ምግብ ወይም መጠጥ ባሕርዩን እንዲለውጥ ማድረግ፤ ማቡካትንና ማፍላትን ያጠቃልላል።

አጠውልግ፤ እንሰትን የሚያጠወልግና የሚያደርቅ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ።

በእሳት መለብለብ፤ የእርሻ መሣሪያን በነበልባል አሳልፎ ከበሽታ ማንጻት፤ ለገበሬ በሚጻፍ ጽሑፍ «ማምከን» በሚለው ምትክ።

ነባር ዝርያ፤ ገበሬዎች ለብዙ ዘመን መርጠው፣ ስም አውጥተው ያቈዩት የሰብል ዓይነት።

ገራድ፤ ወማ፤ በቅደም ተከተል የቀድሞ የሀዲያና የከምባታ ገዥዎች ማዕረግ፤ የማይተረጐሙ።

እነዚህ ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። ከመጽደቃቸው በፊት በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሳይሆን በሆሳዕና ገበያ፣ በዶዮገና ማሳና በዱራሜ ትምህርት ቤት መፈተን አለባቸው። በዚያ ተነግረው የተደመጡት ይጽኑ፤ ያልተደመጡት ይለወጡ። ደራሲዎችም ከእንግሊዝኛው መዝገብ በፊት ሥራውን የሚሠሩትን ሰዎች ይጠይቁ፤ ቃሉን ከእነርሱ የተቀበለ መጽሐፍ ዕውቀቱን መልሶ ሲያደርስላቸው የሚቀበለው አያጣም።